አውሮፕላኑ ተሸጠ፣ ዕውቀቱ ቀረ

(«ዳውንፎል» ስለተሰኘው ዘጋቢ ፊልም)

የዓለም ጉምሩኮች በጋራ የሚጠቀሙበት የሸቀጦች መመደቢያ መጽሐፍ አለ። ከጥሬ ቆዳ እስከ ቡና፣ ከሚስማር እስከ ሥዕል፣ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥር አለው። ምዕራፍ 88 የአውሮፕላኖች፣ የጠፈር መንኮራኩሮችና የአካሎቻቸው ነው። መጽሐፉ አውሮፕላንን የሚያውቀው በክብደቱ ነው፤ ባዶውን ተመዝኖ ከ15,000 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ ከትልቆቹ ተርታ ይገባል። የማረፊያ እግሩም ሆነ ክንፉ ለብቻው ቢሸጥ ቦታ አይታጣለትም። አውሮፕላን ሲሸጥ አብሮ ሊሰጥ የሚገባው አንድ ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ቁጥር የለውም። ይኸውም ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር ነው። ዕውቀት ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር ደግሞ ቢጎድልም ተረካቢው አያውቅም።

የአሜሪካዊቷ የፊልም አዘጋጅ የሮሪ ኬኔዲ «ዳውንፎል፤ ዘ ኬዝ አጌይንስት ቦይንግ» በግርድፉ «ውድቀት፤ በቦይንግ ላይ የቀረበ ክስ» እንደማለት ነው። በኔትፍሊክስ ለሕዝብ የቀረበው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጀው ይህ ፊልም፣ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ስለተከሰከሱ ሁለት አዳዲስ አውሮፕላኖች ይተርካል። የመጀመሪያው ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ የገባው የላየን ኤር አውሮፕላን ነው፤ 189 ሰዎች ሞቱበት። ሁለተኛው የእኛው ነው። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ፤ ከስድስት ደቂቃ በኋላም በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፋራ ከተባለው ስፍራ መሬት ውስጥ ተቀበረ። ከ35 አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም አውሮፕላኖች ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበሩ።

ፊልሙ ስለ እነዚህ አደጋዎች በማውራት ብቻ ቢቆም ኖሮ ከቴሌቪዥን ዜና ባልተለየ ነበር። የሮሪ ኬኔዲ ጉብዝና፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ነገሩን ከሥሩ መጀመሯ ነው። ሥሩም ገበያ ነው።

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአውሮፓው ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር የሚገጠምለትን ኤ320 ኒዮ ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ የቦይንግ የቆየ ደንበኛ የነበረው አሜሪካን ኤርላይንስ ከኤርባስ 260 አውሮፕላኖች እንደሚገዛ ይፋ አደረገ። በቦይንግ ቤት ድንጋጤ ሆነ። አዲስ አውሮፕላን ከመሠረቱ መሥራት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገዢው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በ1960 አገልግሎት ጀምሮ ሲሸጥ የኖረውን 737ን እንደገና አድሶ ማውጣት ተመረጠ። አዲሱ ሞተር ከቀድሞው ስለሚተልቅ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍቶ ተገጠመ። በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ በአንዳንድ የበረራ ሁኔታ አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሣት ጠባይ አመጣ። ለዚህ ጠባይ ማረሚያ እንዲሆን «ኤምካስ» የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተጨመረበት። ኤምካስ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ ሲያምን፣ አብራሪውን ሳይጠይቅ በጭራው በኩል አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። ይህንንም የሚያምነው በአፍንጫው ጎን ከተተከሉት ሁለት የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚዎች የአንዱን ብቻ ቃል ሰምቶ ነበር። ያ አንዱ ከተሳሳተ ኤምካስም ይሳሳታል፤ ደግሞ ደጋግሞ ይሳሳታል።

እስከዚህ ያለው የምሕንድስና ነገር ነው። ምሕንድስና ይሳሳታል፤ ይታረማልም። የፊልሙ ክስ የሚከብደው ቀጥሎ ባለው ነው። ቦይንግ የኤምካስን ነገር ከአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አወጣው። ለምን ቢሉ፣ ዕቃው የሚሸጠው «የቀድሞውን 737 የሚያበር ሰው ይህንንም ያለ ሲሙሌተር ሥልጠና ያበረዋል» እየተባለ ነበርና ነው። ሲሙሌተር ገንዘብ ነው፣ ጊዜም ነው። የአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ ከቦይንግ ጋር በተዋዋለው መሠረት፣ አውሮፕላኑ የሲሙሌተር ሥልጠና የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘ ሻጩ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ይቀንስ ነበር። የማክስ 8 የዝርዝር ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበረ ስናስታውስ፣ ይህ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ቅናሽ ነው። ይህ ገንዘብ እንዳይቀነስ ሲባል አዲሱ ነገር «አዲስ አይደለም» መባል ነበረበት። አዲስ እንዳይባልም ከመጽሐፉ መውጣት ነበረበት።

ለመሆኑ የከብት ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ምን ይለዋል? በሬ ሲሸጥ ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን ይዳብሳል፣ «ይዋጋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ «አይዋጋም» ብሎ ከሸጠለትና በሬው በማግስቱ ሰው ከወጋ፣ አገሩ ሽማግሌ ይቀመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። አንድ ገበሬ ስለ በሬ የሚጠይቀውን ጥያቄ አንድ አየር መንገድ ስለ አውሮፕላን አይጠይቅም ማለት አይደለም። ጠይቋል። በ2009 ዓ.ም. ላየን ኤር አብራሪዎቹን በሲሙሌተር ለማሠልጠን አስቦ ነበር። በኋላ ይፋ በወጡት የቦይንግ ሠራተኞች መልእክቶች ውስጥ ይህን በመጠየቃቸው ጅል ተብለው ተሰድበው እናገኛቸዋለን፤ ሐሳባቸውንም እንዲተዉ ተደረገ። እንግዲህ በዚህ ገበያ ጠያቂ ገዢ ጅል ነው፤ ዝም ብሎ የሚፈርም ገዢ ደግሞ ብልህ ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሁለቱ ጠቋሚዎች እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚበራ የማስጠንቀቂያ ምልክት በማክስ ላይ ለሁሉም ገዢ የሚሰጥ ነበር። ነገር ግን በሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት ምልክቱ የሚሠራው፣ አየር መንገዱ ሌላ ተጨማሪ መሣሪያ ለብቻው ከፍሎ የገዛ እንደሆነ ብቻ ሆነ። ቦይንግ ይህን ስሕተት በ2009 ዓ.ም. አውቆት ነበር፤ ለገዢዎቹ ሁሉ አልነገረም። የነፍስ ማስጠንቀቂያ እንደ መኪና ሬዲዮ «ከፈለግህ ጨምረህ ግዛ» በሚባል ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተቆጣጣሪው የት ነበር? የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከምርመራ ሥራው ብዙውን ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ደመወዛቸው ከቦይንግ፣ ፊርማቸው ስለ መንግሥት። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት የአሜሪካን የአቪዬሽን ሕግ አንብበው አይደለም፤ ጉዳዩ ግን እሱው ነው። በላየን ኤር አደጋ ማግሥት፣ ይኸው መሥሪያ ቤት በራሱ ስሌት፣ ማክስ ሳይታረም እየበረረ ቢቀጥል በአገልግሎት ዘመኑ ከ15 በላይ ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ግምቱ ተጽፎ ተቀመጠ፤ አውሮፕላኑም በረራውን ቀጠለ።

ፊልሙ ይህን ሁሉ በረጋ መንፈስ፣ ደረጃ በደረጃ ያሳየናል። ለተመልካች ምሕንድስና ማስተማር ቀላል አይደለም፤ ሮሪ ኬኔዲ ግን ኤምካስን ሙያው የሌለው ሰው ጭምር እንዲገባው አድርጋ ታስረዳለች። የላየን ኤር ዋና አብራሪ ባለቤት ስለ ባሏ ስትናገር፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ልጆቻቸውንና አባታቸውን ያጡ ሰዎች ሲናገሩ፣ ካሜራው አይቸኩልም፤ እንባም አይለምንም። ኩባንያው በ1989 ዓ.ም. ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ከተዋሐደና በ1993 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሲያትል ወደ ቺካጎ ካዛወረ በኋላ፣ መሐንዲሱ ቀርቶ የአክሲዮን ዋጋ ተመልካቹ እንዴት አለቃ እንደሆነም በቀድሞ ሠራተኞቹ አንደበት ያስረዳል። በዚህ በኩል ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። «ዳውንፎል» የሻጩን ቤት ጓዳ ለጓዳ ያሳየናል፤ የገዢውን ቤት ግን በር ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። የታሪኩ ክብደት ያረፈው በሲያትል፣ በቺካጎና በዋሽንግተን ላይ ነው። ጃካርታና አዲስ አበባ አደጋ የደረሰባቸው፣ ሰው ያለቀሰባቸው ቦታዎች ናቸው። የፊልሙ ጥያቄ «አንድ ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ እንዴት ወደቀ?» የሚል ነው፤ ርእሱም ይህንኑ ይናገራል። የወደቀው ኩባንያው ነው ማለት ነው! ከእኛ ሰፈር ሆኖ ለሚያይ ግን የወደቀው አውሮፕላኑ ነው። ጥያቄውም «እኛ ይህን ዕቃ እንዴት ገዛነው? ስንገዛው ምን ተነገረን? ዛሬስ ስንገዛ ምን እንጠይቃለን?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ጥቃቅን አይደለም። አየር መንገዳችን የቆየ ገዢ ነው። በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከዓለም ጦርነት በተረፉ አሜሪካ ሠራሽ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። በ1955 የቦይንግን 720 ጄቶች አስመጣ። ደርግ በየአደባባዩ አሜሪካን ሲያወግዝ በኖረበት ዘመን እንኳ፣ በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ ገብቷል። ርዕዮተ ዓለም ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሻጩ አልተለወጠም። በ2007 መጀመሪያ ላይ ደግሞ 20 ማክሶች ታዘዙ። ይህን ያህል ዘመን የዘለቀ ግንኙነት መተማመን ይፈጥራል። መተማመን መልካም ነው፤ ከመተማመን የተነሣ መጠየቅ ሲቀር ግን አደጋ ነው።

ፊልሙ ሊያተኩርበት የሚገባው፣ ነገር ግን በቅጡ ያላየው አንድ ቀን አለ። መጋቢት 1 የወደቀው አውሮፕላን ለአየር መንገዱ የተረከበው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነበር። የላየን ኤር አደጋ የደረሰው በጥቅምት ነው። አደጋው በደረሰ በ9ኛው ቀን የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አስቸኳይ መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያው አብራሪዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሲዘረዝር ኤምካስን በስሙ እንኳ አልጠራውም። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ርክክቡ የተፈጸመው! ይህ ማለት፣ ዕቃው 189 ሰዎች ከሞቱበት በኋላ፣ ጉድለቱ በሻጩ ቤት ከታወቀ በኋላ፣ ለሌላ ገዢ ተረከበ ማለት ነው። በከብት ገበያ ቋንቋ ስንናገር፣ በሬው ጎረቤት አገር ሰው ወግቶ ገድሎ፣ ደሙ ሳይደርቅ ወንድሙ ወደ እኛ ተነዳ። ገበያው አንድ ቀን አልቆመም። ፊልሙ ከዚህ ቀን ላይ ቢነሣ ኖሮ፣ የአንድ ኩባንያ ውድቀት ብቻ ሳይሆን የአንድ ንግድ ጠባይ ይታየን ነበር።

ገዢው ኃይል ያሳየባቸው ቀናትም አሉ፤ እነሱም በፊልሙ ውስጥ የሚገባቸውን ያህል ቦታ አላገኙም። አደጋው እንደደረሰ አየር መንገዳችን የቀሩትን ማክሶቹን አቆመ። በማግስቱ ቻይና አቆመች፤ ኢንዶኔዢያም እንዲሁ። አገሮች ተራ በተራ ተከተሉ። አሜሪካ ያቆመችው መጋቢት 4 ቀን፣ ከብዙዎቹ በኋላ ነው። የበረራ መቅጃዎቹ፣ ማለትም ጥቁር ሳጥን የምንላቸው፣ እንዲነበቡ ወደ ፓሪስ ተላኩ እንጂ ወደ ሻጩ አገር አልሄዱም። በአውሮፕላን ንግድ ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕቃው የሻጩ፣ መመሪያው የሻጩ፣ ተቆጣጣሪው የሻጩ አገር፣ የአደጋውም ፍርድ የሻጩ ሆኖ በኖረበት ዓለም፣ ገዢዎች ለአንድ ሳምንት ያህል ራሳቸው ፈረዱ።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ ለመድነው ወግ ተመለስን። ጣት ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ነበር። በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር የውጭ አገር አብራሪዎችን ሥልጠና የሚያጠያይቅ ንግግር ተሰማ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ማለት ይህ ነው። ስለ ፍትሕ ስንል ግን ሌላውን ወገንም እንስማ። የእኛ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ሪፖርታቸውን ሲያወጡ ጥፋቱን በኤምካስ ላይ አደረጉ፤ የጠቋሚውንም መበላሸት ከአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ችግር ጋር አያያዙት። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኤምካስ ጥፋት ላይ አልተከራከሩም። የአብራሪዎቹ አያያዝ በሪፖርቱ በበቂ አልታየም አሉ፤ አሜሪካኖቹም ጠቋሚው የተበላሸው ወፍ መትቶት ሳይሆን አይቀርም ባዮች ናቸው። ፊልሙ የወጣው ከዚህ ክርክር በፊት ስለሆነ በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን ክርክሩን ያየ ተመልካች አንድ ነገር ይገባዋል። አብራሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለማያውቀው ነገር የተሳሳተን አብራሪ ለመውቀስ ግን በመጀመሪያ እንዲያውቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

የክሱ መጨረሻም የገበያውን ጠባይ ያሳያል። በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርና ቦይንግ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ስምምነት ይፋ አደረጉ። ክፍፍሉን ልብ በሉ። የወንጀል ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን፤ ለ346ቱ ሟቾች ወራሾች 500 ሚሊዮን፤ አውሮፕላን ለገዙት አየር መንገዶች ደግሞ 1.77 ቢሊዮን ዶላር። የሟች ቤተሰቦች ካገኙት ይልቅ አውሮፕላን የቆመባቸው ነጋዴዎች ያገኙት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ «ገዢ» የምንለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። አየር መንገዱ ገዢ ነው፤ ውል አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ካሣ አለው። መንገደኛው ግን ቲኬት እንጂ አውሮፕላን አልገዛም፤ ውሉን አላየም፤ ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚሳፈርም ብዙ ጊዜ አያውቅም። መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም ሳጥኖቹ አስከሬን አልነበረባቸውም። ለቤተሰቦች የተሰጣቸው ከስፍራው የተቆፈረ 1 ኪሎ የተቃጠለ አፈር ነበር። ወንጀሉ ራሱ በ2018 ዓ.ም. ዳኛው ክሱን ሲዘጉት ያለ ፍርድ አበቃ።

«ታዲያ ለምን ከሌላ አንገዛም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን የዓለም ገበያ በዋናነት ሁለት ሱቅ ብቻ ነው ያለው፤ ቦይንግና ኤርባስ። አውሮፕላን የገዛ አየር መንገድ ደግሞ የገዛው አውሮፕላን ብቻ አይደለም። መለዋወጫ፣ የቴክኒሺያን ሥልጠና፣ ሲሙሌተር፣ የባንክ ብድር፣ ሁሉም ከሻጩ ጋር ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያስተሳስረዋል። ለዚህ ነው አየር መንገዳችን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ በረራ የመለሰው፤ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ 17 ቀን በፊት መሆኑ ነው። ለዚህም ነው በኅዳር 2016 ዱባይ ላይ 20 ተጨማሪ ማክሶችና 11 ድሪምላይነሮች ለመግዛት የተስማማው። ይህን ክህደት ነው ብሎ መጮኽ ቀላል ነው፤ ሁለት ሱቅ ባለበት ገበያ ግን የተቆጣ ገዢም ዞሮ ዞሮ ከሁለቱ አንዱን ማንኳኳቱ አይቀርም።

የሚቀረው የገዢ ጉልበት መጠየቅ ነው። ማክስ በ2013 ዓ.ም. እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ፣ ኤምካስ የሁለቱንም ጠቋሚዎች ቃል እንዲሰማ ተደርጎ ነበር፤ ለአብራሪዎችም የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ሆነ። በ2009 የጠየቀው ገዢ ጅል የተባለበት ሥልጠና፣ ከ346 ሰዎች ሞት በኋላ ሕግ ሆነ። ይህን ዓረፍተ ነገር በእያንዳንዱ የአየር መንገድ ግዥ ክፍል ግድግዳ ላይ መስቀል ይገባል እላለሁ። የአውሮፕላን ንግድ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ አገሮች መካከል የጉምሩክ ቀረጥ የማይከፈልበት እንዲሆን በስምምነት ተወስኗል፤ ዕቃው ያለ ቀረጥ ድንበር ይሻገራል። ዕውቀቱም ያለ ቀረጥ አብሮት እንዲሻገር የሚያስገድድ ስምምነት ግን ገና ይጠበቃል።

«ዳውንፎል»ን እዩት። ሻጩን በሚገባ ያሳያችኋል። ስለ ገዢው የሚናገረውን ፊልም ግን ከሲያትል ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው አይሠራልንም። ታሪኩ የተጻፈው በጊምቢቹ እርሻ ላይ ነው፤ ካሜራው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግዥ ክፍሉ፣ ወደ ውሉ ጠረጴዛ፣ ወደ ሥልጠና ማእከሉ ቢሄድ የሚያገኘው ብዙ ነው። ያን ፊልም የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ፣ የቱሉ ፋራ ታሪክ የሌላ አገር ኩባንያ ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይቆያል።